አሮጌው ላንድክሩዘር በኪሎ አይሸጥ

ሰሞኑን ለቤተሰብ ጉዳይ ወላይታ ደርሼ ተመልሻለሁ። ከሶዶ ተነሥቶ የአርባ ምንጭን መንገድ ይዞ ለሚወርድ ሰው ሃያ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ የሚያገኛት ከተማ ተበላ ናት፤ የሁምቦ ወረዳ መቀመጫ። እዚያ በአንድ ግቢ ውስጥ፣ ከማንጎ ዛፍ ሥር፣ አራቱም ጎማዎቹ ተንፍሰው የቆመ ነጭ ላንድክሩዘር አየሁ። ዶሮዎች ከሆዱ ሥር ይገባሉ፣ ይወጣሉ። የኋላ መስታወቱ በፌስታል ተሸፍኗል።

ባለቤቱ በጡረታ ላይ ያሉ ሾፌር ናቸው። መኪናውን ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ለዓመታት የነዱት እርሳቸው ሲሆኑ፣ ድርጅቱ ሥራውን ሲያጠቃልል በጨረታ የገዙትም እርሳቸው ናቸው። ሰው ሲጭኑበት፣ ጎደሬና ሙዝ ሲያመላልሱበት ቆይተው ከአራት ዓመት በፊት አቆሙት። ዘንድሮ ሁለት ገዢ መጣባቸው። አንዱ በኪሎ መዝኖ የሚወስድ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ነው። ሁለተኛው ከአዲስ አበባ የወረደ ደላላ ሲሆን፣ ኮፈኑን እንኳ ሳያስከፍት ሊብሬውን ሁለት ጊዜ አገላብጦ ያየ ነው። ገዢው የፈለገው መኪናውን ይሁን ወረቀቱን አንባቢ ይፍረድ።

ሦስተኛ ሐሳብ ያመጣው የገዛ ልጃቸው ነው። “አባዬ፣ አንሽጠው። ውስጡን መኝታ እንሥራለትና ለመንገደኛ እናከራየው” ይላል። በስልኩ የያዛቸውን ሥዕሎች አሳየኝ፤ የጣውላ ወለል፣ መጋረጃ፣ ትንንሽ አምፖል የተደረደረበት ጣሪያ። ፈረንጆቹ ካምፐር ይሉታል፤ እኛ መኝታ ያለው መኪና ብንለው ይበቃናል። አባትየው ቡናቸውን እየጠጡ፣ “አንተ በየሳምንቱ ስለ ገበያ ትጽፋለህ አሉ፤ እስቲ ፍረደን” አሉኝ። ልጁም ቀበል አድርጎ፣ “ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩልኝ፤ እኔ ስናገር አይሰሙኝም” አለ።

እዚያው ለመፍረድ አልደፈርኩም። ከተመለስኩ በኋላ ሳሰላስል የደረስኩበት መልስ ግን ይህ ነው፤ ልጁ ልክ ነው፣ መኪናው መሸጥ የለበትም። ነገር ግን ሥራውን ከአልጋው ሊጀምር ስለሆነ፣ በዚያው ሐሳቡ ከገፋ የአባቱን ጡረታ ይዞ ገደል ይገባል።

በመጀመሪያ ስለ ዋጋው። አሮጌ መኪና ከዓመት ዓመት ዋጋው ይወርዳል የሚለው የቀድሞ ሒሳብ ዛሬ በእኛ ሀገር አይሠራም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ዕድሜውና የሞተሩ መጠን በጨመረ ቁጥር ከበድ ያለ ታክስ እንዲከፈልበት አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ የማይሠራ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንደማይገባ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተፈቀደና ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሰማይ ወጣ። እንግዲህ ከውጭ የሚገባው መንገዱ ከጠበበ፣ እዚሁ ያለው አሮጌ መኪና ተተኪ የሌለው ዕቃ ሆነ ማለት ነው። የአዲስ አበባው ደላላ ይህን ስለሚያውቅ ነው ተበላ ድረስ የወረደው። የማያውቀው ሻጩ ነው።

ወላይታ ደግሞ ከዚህ ዓይነቱ መኪና ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ ዋዱ የሚለው፣ ሰዎችን በአበላና በበሌ ያሰፈረበትን ጊዜ ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ። በደርግ ዘመን የሶቪየቱ ዋዝ መጣ። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ነጩ ላንድክሩዘር የእርዳታ ምልክት እስኪመስል ድረስ በየወረዳው ተሠራጨ። ፕሮጀክቱ ያልቃል፣ ሰዎቹ ይሄዳሉ፤ መኪናው ግን በየጓሮው ይቀራል። በአንድ ቀን ብቻ በሶዶና በተበላ መካከል እንዲህ የቆሙ አራት ቆጥሬአለሁ።

የተበላው መኪና 75 የሚባለው ረጅሙ ዓይነት ነው፤ ከኋላ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ፊት ለፊት የሚተያዩበት። ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ ይባላል፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ተርቦ የሌለው ናፍጣ። ቶዮታ ይህን ሞተር እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ሲገጥመው የኖረ በመሆኑ መካኒኩም ዕቃውም ይገኛል፤ ሶማሌ ተራ ለሄደ ሰው ደግሞ አሮጌውም አዲሱም አለ። ለመኝታ መኪና ይህ ከውበት ሁሉ ይበልጣል። ጂንካ መንገድ ላይ ሲቆም የሚያነሣው ሰው የሌለው መኪና፣ አልጋው የቱንም ያህል ቢያምር፣ እስር ቤት ነው።

እዚህ ላይ በራሴ የደረሰውን ባልናገር ይቆጨኛል። ከዓመታት በፊት አንድ አሮጌ ላንድሮቨር በርካሽ አግኝቼ ገዛሁ። ያን ጊዜም እንደ ዛሬው ልጅ ልቤ ጉዞ ጉዞ ብሎ ነበር። ስሙን የማልጠራው ጋራዥ አስገባሁትና በመጀመሪያ ወንበር አስለበስኩ፤ ቀጥሎ ቀለም አስቀባሁ፤ ከዚያ ፖርቶመጋላ አሠራሁ። ያየው ሁሉ አደነቀ። የላንድሮቨር ቦዲ አሉሚኒየም ነው፤ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1948 ሥራውን ሲጀምር ከጦርነቱ በኋላ ብረት በራሽን ይታደል ስለነበር ነው እንዲህ የተሠራው። አሉሚኒየም እንደ ብረት ስለማይዝግ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል። ከሥሩ ያለው ሻንሲ ግን ብረት ነው፤ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ውሃና ጭቃ ይዞ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። እኔ ከላይ ያለውን ሳስውብ ከታች ያለው አልቆ ኖሮ፣ ቡታጅራን ሳላልፍ የኋላ ባሌስትራው የሚያርፍበት ቦታ ተገንጥሎ ቀረ። ጋራዡ ሻንሲውን አላየሁም አለ፤ እኔም እይልኝ አላልኩም። ከብየዳው ይልቅ የቆጨኝ ያ ሁሉ ቀለም ነው፤ ብየዳው ሲሠራ ግማሹ ተቃጥሎ እንደገና ተቀባ።

ስለዚህ ለተበላው ልጅ የምለው ይህን ነው። ከመፍቻ በፊት ወረቀት። መኪናው በእርዳታ ድርጅት ስም ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ፣ ሲዛወር ቀረጡ ተከፍሏል ወይ? የተከፈለበት ደረሰኝ አለ ወይ? በሊብሬው ላይ የተጻፉት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች ብረቱ ላይ ከተመቱት ጋር ይገጥማሉ? ለአራት ዓመት የቆመ መኪና ያልታደሰ ቦሎ ምን ያህል ውዝፍ አስከትሏል? ቦዲው ከተቀየረ፣ ወንበር ወጥቶ አልጋ ከገባ፣ ያንን ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ማሳወቅ ይሻላል፤ ምርመራ ላይ ተጣልቶ መመለስ ሁለት ወጪ ነው። ሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን የግል ተብሎ የተመዘገበ መኪና ሲከራይ አደጋ ቢያደርስ መድን ሰጪው ምን ይላል? ይህን በጽሑፍ ጠይቆ በጽሑፍ መልስ መቀበል ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ አንድ ሳንቲም የብረት ወጪ የለበትም፤ መኪናውን ማደስ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለውን ግን ግማሹን ይመልሳል።

ከወረቀቱ በኋላ ሻንሲው። መኪናውን በክሪክ አንሥቶ፣ በሽቦ ብሩሽ ፍቆ፣ በመዶሻ እያንኳኩ ማዳመጥ ነው። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ የበሰበሰ ይታፈናል። የላንድክሩዘር ጉድ ደግሞ ጣሪያው ከግድግዳው የሚገናኝበት የውሃ መውረጃ ጠርዝ ነው። በስቱኮ የተደፈነ ከሆነ ማግኔት ማስጠጋት ይበቃል፤ ስቱኮ ላይ ማግኔት አይዝም።

ቀጥሎ ሞተሩ ይመጣል፤ እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ዋን ኤች ዜድ የታይሚንግ ቺንጊያ አለው። ቺንጊያው በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ መለወጥ አለበት፤ ኪሎ ሜትሩ ሲሞላ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት እየበራ ያስታውሳል። ነገር ግን ቆጣሪው የሞተ፣ መብራቱም የተቃጠለ ስንት መኪና አለ! ቺንጊያው ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጩና ሞተሩ ይወርዳል። አራት ዓመት የቆመ መኪና ታሪኩን ማንም ስለማያውቅለት፣ ቁልፍ ከመዞሩ በፊት ቺንጊያው ይለወጥ። የጋኑ አሮጌ ናፍጣ ይደፋ፣ ጋኑ ይታጠብ፤ አለበለዚያ ዝቃጩ ፖምፓውን ይገድለዋል። ፍሬኑም ሙሉ በሙሉ ይፈታ፤ ላስቲክ ቆሞም ይሞታል።

ከዚህ በኋላ ብቻ ነው አልጋው የሚታሰበው። አልጋ ስል ደግሞ ክብደት ማለቴ ነው። ይህ መኪና የሚሸከመው ጭነት ወደ አንድ ቶን ይጠጋል እንበል። ልጁ ሊያስገባ ያሰበውን አብረን ደመርን። ውሃ 60 ሊትር፣ 60 ኪሎ። ተጨማሪ ባትሪ 30። ማቀዝቀዣ ከነምግቡ 35። አልጋና ቁምሳጥን፣ እንደ ምንም አሳንሰነው፣ 100። ሁለት ተጠባባቂ ጎማ 60። ጣሪያ ላይ የሚዘረጋ ድንኳን 60። አንድ ጋን ናፍጣ 75። አራት ሰው 280። ድምሩ 700 ኪሎ! ሻንጣ፣ ምጣድ፣ መፍቻ ገና አልገባም። ልጁ ዝም አለ። አባትየው ግን ሳቁ፤ ሃምሳ ኩንታል ጤፍ ጭነው የማያውቁ ሾፌር አይደሉም፣ ክብደት ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ።

ስለሆነም ቺፑድ አይገባም፤ ከባድ ነው፣ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ በኮረኮንች መንገድ ብሎኑን ይተፋል። ቀጭን ኮምፔንሳቶ በግራቪሊያ ጣውላ ማዕቀፍ ላይ ቢመታ ይበቃል፤ ግራቪሊያ በወላይታ በየአጥሩ ሥር የበቀለ ስለሆነ ከሩቅ አይመጣም። የውሃው ጀሪካን ዝቅ ብሎ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ይቀመጥ። ፖርቶመጋላ ላይ ቀላል ነገር ብቻ ይውጣ፤ ከላይ የከበደ መኪና ኩርባ ላይ ይገለበጣል።

ኤሌክትሪኩም እንዲሁ ሒሳብ ነው። 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ተራ ባትሪ በወረቀት 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ መጠቀም ስለማይመከር 600 ቀረ። በአማካይ 40 ዋት የሚበላ ማቀዝቀዣ ይህንን በ15 ሰዓት ይጨርሰዋል። ጣሪያ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ከሌለ ወይም መኪናው በየቀኑ ካልተነዳ፣ ማቀዝቀዣው በሁለተኛው ቀን ቁምሳጥን ሆነ ማለት ነው። የመኝታው ባትሪ ሞተር ከሚያስነሣው ባትሪ ይለይ። አሮጌ ናፍጣ ላንድክሩዘሮች መካከል 24 ቮልት የሆኑም ስላሉ፣ ዕቃ ከመግዛት በፊት የትኛው እንደሆነ ይታይ። እኔን ቢጠይቀኝ ማቀዝቀዣውን ለሁለተኛው ዓመት ትቼ በመጀመሪያ በየመስኮቱ አጎበር እገጥማለሁ። የዓባያ ሐይቅን ዳርቻ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቀኝም።

ሌላው የማልደራደርበት ነገር አለ፤ ከሰል መኪና ውስጥ አይገባም። ጀበናውም ምድጃውም ውጭ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ በከሰል ጭስ ተኝተው የቀሩ ሰዎችን ዜና ሁላችንም ሰምተናል፤ መኪና ደግሞ ከክፍልም የጠበበ ነው።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ማን ይከራየዋል? ልጁ የሚያስበው የውጭ ሀገር ሰው ነው። እኔ እጠራጠራለሁ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሀገራችን ያሳለፈችው ጦርነትና ግጭት የቱሪስቱን ገበያ ምን ያህል እንደጎዳው የታወቀ ነው፤ በውጭ መንግሥታት የጉዞ ማስጠንቀቂያ ላይ የቆመ ንግድ በሰው እጅ ያለ ንግድ ነው። ለእኔ የሚታየኝ ገዢ ሌላ ነው። ለጊፋታ በመስከረም ልጆቹን ይዞ የሚመጣው የወላይታ ተወላጅ አለ፤ ልጆቹን የዳሞት ተራራንና የአጆራን ፏፏቴ ሊያሳይ ይፈልጋል። ወፍ የሚያጠና፣ አፈር የሚለካ፣ ፊልም የሚቀርጽ አለ፤ ሆቴል በሌለበት ሦስት ሌሊት ማደር አለበት። ከዚህ ተነሥቶ በዳውሮ በኩል ወደ ጊቤ ሦስት አካባቢ፣ በሌላ በኩል አርባ ምንጭ፣ ዶርዜ፣ ከዚያም በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ኮንሶ፤ ይህ ሁሉ ለአንድ ሳምንት ጉዞ የሚሆን ነው። በዚያ ላይ አግዳሚ ወንበሮቹ ተጥለው ሳይሆን ተነቃይ ሆነው ቢሠሩ፣ ተከራይ በማይገኝበት ወር መኪናው ሰውና ዕቃ ሊያመላልስ ይችላል። ዓመቱን ሙሉ አልጋ ብቻ የሆነ መኪና በክረምት ማንጎው ሥር ተመልሶ ይቆማል። እርግጥ ናፍጣ ራሱ ፈተና ነው፤ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሣ ዋጋው ወጥቷል። የኪራዩ ውል ነዳጁን በተከራዩ ላይ ቢያደርግና አባትየው ራሳቸው ቢነዱት እመርጣለሁ። ያን መኪና ከእርሳቸው የተሻለ የሚያውቀው የለም።

አንድ ልክ ደግሞ ይኑር። የጥገናው ወጪ ሲደመር ተመሳሳይ የሆነ፣ በእግሩ የሚሄድ ላንድክሩዘር ከሚሸጥበት ዋጋ ግማሽ ካለፈ፣ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። የልብ ፍቅር ሒሳብ አያውቅም፤ እኔ አላወቅኩም ነበር።

የአስተዳደሩም ድርሻ አለበት። በኬንያና በኡጋንዳ መኪናውን ይዞ የመጣ ሰው በትንሽ ክፍያ የሚያድርበት የታጠረ ግቢ በየመንገዱ አለ፤ ውሃ፣ መጸዳጃ፣ ዘበኛ። በእኛ መንገድ ይህ እንደ ልብ ስለማይገኝ መንገደኛው ነዳጅ ማደያ ወይም ዳገት ሥር ያድራል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ከተራራው የተናደው መሬት ከሁለት መቶ በላይ ሰው ቀብሯል፤ በክረምት ዳገት ሥር ማደር ምን እንደሆነ ከዚያ በኋላ ለደቡብ ሰው አይነገርም። ተበላ ላይ አንድ ገበሬ ሜዳ የሆነ ግቢውን አጥሮ ለሦስት መኪና ማደሪያ ቢያደርግ ምን ያህል ወረት ይጠይቀዋል? ወረዳው ፈቃዱን ቢያቀልለት ይበቃል።

እውነት ለመናገር አሮጌ ነገር ማንሣት ለሁምቦ ሰው እንግዳ አይደለም። ከተበላ በላይ ያለው ተራራ ተመንጥሮ ራቁቱን ቀርቶ ነበር። በ1999 ዓ.ም. አካባቢ ኅብረት ሥራ ማኅበራቱ አዲስ ችግኝ ከማፍላት ይልቅ ከመሬት ሥር በሕይወት የቀሩትን ጉቶዎች እየገረዙና እየጠበቁ 2,728 ሄክታር ደን መለሱ፤ በካርቦን ሽያጭም ገንዘብ አገኙ። የሠሩት ሥራ ጉቶው ሕያው መሆኑን አስቀድሞ ማየት ነበር።

በሌላው ዓለምም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1955 እና 56 የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ተማሪዎች በሁለት ላንድሮቨር ከለንደን እስከ ሲንጋፖር በየብስ ተጉዘው ነበር። ኦክስፎርድ የተባለችው መኪና ከብዙ ዓመት በኋላ ሴንት ሄለና በምትባል የአትላንቲክ ደሴት ላይ ወድቃ ተገኘችና፣ ተጠግና እ.ኤ.አ. በ2019 ከሲንጋፖር ለንደን ገባች። ጉንተር ሆልቶርፍ የተባሉት ጀርመናዊ ደግሞ በአንድ መርሴዲስ ጂፕ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2014 ወደ 900 ሺህ ኪሎ ሜትር ዞረዋል፤ የሚተኙት ከኋላዋ በዘረጓት ፍራሽ ላይ፣ የሚጠግኗትም ራሳቸው ነበሩ። በእርሳቸው መኪና አምፖል የተደረደረበት ጣሪያ አልነበረም።

ይህን ጽሑፍ ሳገባድድ ልጁ ደወለልኝ። ቺንጊያው ሶማሌ ተራ ተገኝቷል፤ ወደ ሶዶ በሚሄድ አውቶቡስ ተጭኗል። ሻንሲውን ለማየት መኪናውን በክሪክ ሲያነሡት ከሥሩ አሥራ አንድ እንቁላል አገኙ፤ በስተቀኝ በኩል አንድ ክንድ የሚያህል ብየዳ የሚፈልግ ቦታም አለ። ደላላው እንደገና መጥቶ ነበር። አባትየው ቡና አጠጥተው ሸኙት፤ ሊብሬውን ግን ሳጥን ውስጥ ቆልፈውታል።